የትኞቹን ሰዎች ማለታችን ነው? እንግሊዝኛ ሰዎችን በቡድን ለይቶ የሚገልጽበት መንገድ

በሐዋሳ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን፣ ለተማሪዎችና በእንግሊዝኛ ሪፖርት ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ከተማ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ባለሙያዎች፤

ከአንድ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «በኪራይ ቤት የሚኖሩት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች የመጓጓዣ ሰርቪስ ያስፈልጋቸዋል።» ይህን የሚሰማ የሐዋሳ ሰው ነገሩን ከሁለት በአንዱ መንገድ ሊረዳው ይችላል። አንደኛው፣ ከሠራተኞቹ መካከል አንዳንዶቹ ቤት ተከራይተው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ይኖራሉ፤ ሰርቪስ የሚያስፈልገው ለተከራዮቹ ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የፓርኩ ሠራተኞች ሁሉ ተከራይ ናቸው፤ ስለዚህም ሰርቪስ ለሁሉም ያስፈልጋል የሚል ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ሆኖ ይጻፋል፤ የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው አንባቢው ስለ ፓርኩ ከሚያውቀው፣ ወይም ከፊትና ከኋላ ካለው ጽሑፍ ነው። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሪፖርት የሚያስገባ ባለሙያ ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። ሳያውቅ ቢጽፈውም እንኳ መርጧል። በጀት የሚመድበው አንባቢም ጸሐፊው ሳያስብ የመረጠውን እንደ እውነት ተቀብሎ ያሰላል።

የዛሬው ንግግሬ ይህን ምርጫ የሚመለከት ነው። በትምህርት ቤት ሪላቲቭ ክሎዝ እያልን የምናስተምረውን፣ እኔ እዚህ ገላጭ ሐረግ የምለውን (እንደ «በኪራይ ቤት የሚኖሩት» ያለውን)፣ አብዛኞቻችን የተማርነው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በ«ሁ» (who) ወይም በ«ዊች» (which) እያያያዝን ነው። መልመጃው ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን ተማሪው ማያያዙን ሲችል ትምህርቱን የጨረሰ ይመስለዋል። የእኔ እምነት ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከሌላ ጥያቄ ነው የሚል ነው፤ ይኸውም ስለ ሰዎች ስንናገር ስለ ሁሉም ነው ወይስ ስለ ከፊሎቹ የሚለው ነው። የእንግሊዝኛ ገላጭ ሐረግ ስለ ሰዎች ስብስብ ሲነገር ከምንም በፊት የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው፤ ሌላው ሕግ አብዛኛው ከዚህ የሚከተል ነው።

እንግሊዝኛ ምርጫውን የሚያሳየው በጽሑፍ በኮማ፣ በንግግር በድምፅ ነው። «ወርከርስ ሁ ሬንት ሩምስ» ተብሎ ያለ ኮማ ሲጻፍ፣ ሐረጉ ከሠራተኞች መካከል ተከራዮቹን ብቻ ለይቶ ያወጣል፤ ይህን ለዪ ሐረግ ልበለው። «ዘ ወርከርስ» ከተባለ በኋላ ኮማ ገብቶ፣ «ሁ ሬንት ሩምስ» ተብሎ እንደገና ኮማ ከተዘጋ ግን፣ ሐረጉ ማንንም አይለይም፤ አስቀድሞ ስለታወቁት ሠራተኞች ሁሉ ተጨማሪ ወሬ ይሰጣል። ይህን ጨማሪ ሐረግ ልበለው። ሁለቱ ኮማዎች ጥንድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን አስገብቶ ሁለተኛውን መርሳት በተማሪዎቻችን ደብተርም ሆነ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። በንግግር ጊዜ ለዪው ሐረግ ከስሙ ጋር ያለ ዕረፍት በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፤ ጨማሪው ሐረግ ሲመጣ ግን ተናጋሪው ጥቂት ያርፋል፣ ድምፁም ከዋናው ዓረፍተ ነገር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኮማ ለጌጥ የሚቀመጥ ወይም ትንፋሽ ባጠረ ቁጥር የሚጣል ምልክት አይደለም፤ የሰዎችን ብዛት የሚወስን ምልክት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመምህራን ቅርብ በሆነ ምሳሌ ላሳይ። «እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው የገጠር ተማሪዎች ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል» የሚል ሐሳብ አለን እንበል። ያለ ኮማ በእንግሊዝኛ ብንጽፈው፣ ከገጠር ከመጡት መካከል ለሚቸገሩት ተጨማሪ ትምህርት ይሰጥ ማለታችን ነው፤ ማንም የማይነቀፍበት ቀና ሐሳብ ነው። በሁለት ኮማ መካከል ብናስገባው ግን፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ እንግሊዝኛ ይከብደዋል ብለናል። ከአለታ ወንዶ ወይም ከበንሳ መጥቶ በእንግሊዝኛ ክፍሉን የሚመራ ተማሪ ይህን ቢያነብ በትክክል ይከፋዋል፤ ጸሐፊው አላሰብኩትም ቢል እንኳ የጻፈው ይህንኑ ነው። «ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ከተማዋን ለቀው ይሄዳሉ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በኮማ ከተከበበ በከተማዋ ሥራ ያለው ወጣት የለም የሚል ይሆናል። ስለ ብሔረሰብ፣ ስለ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ስለ ተፈናቃዮች በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ይህን ልዩነት ካልያዘ፣ የጥቂቶችን ሥራ በሁሉም ላይ ይጭናል።

እዚህ ላይ አማርኛ ደካማ ነው የሚል ሐሳብ እንዳይያዝብኝ እፈልጋለሁ። አማርኛ መለየት ሲፈልግ የራሱ መንገድ አለው። «ከሠራተኞቹ መካከል በኪራይ ቤት የሚኖሩት» ስንል ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ከዚህ የጠራ መለያ በእንግሊዝኛም አይገኝም። ሁሉንም ማለት ስንፈልግም «የፓርኩ ሠራተኞች የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው፤ ስለዚህም ሰርቪስ ያስፈልጋቸዋል» ብለን ለሁለት እንከፍለዋለን። ልዩነቱ አማርኛ ይህን ማብራሪያ የሚጨምረው ሲያስፈልገው ብቻ መሆኑ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገራችሁ በፊት የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር «ከ… መካከል» ብላችሁ ሞክሩት፤ ሐሳባችሁ ካልተለወጠ ኮማ አታስገቡ፤ ሐሳባችሁ ከተበላሸ ግን ኮማው ያስፈልጋል። ይኸው ዘዴ በሲዳምኛ አፉን ለፈታ ተማሪም በራሱ ቋንቋ ሊሞከር ይችላል፤ ሲዳምኛም እንደ አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት የሚያስቀድም ቋንቋ ነውና።

ስለ አቀማመጥ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «ትናንት ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሲሸጡ ያየናቸው ሰዎች» ስንል፣ ሰዎች መሆናቸው የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው መጀመሪያ ሰዎቹን ያቆምና ከዚያ በኋላ ይገልጻቸዋል። በዚህም ምክንያት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስሙን ከጠራ በኋላ እያሰበ ገለጻውን ሊያረዝም ይችላል፤ እኛ ደግሞ ገለጻውን አስቀድመን ማሰናዳት አለብን። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ መሐል ላይ የሚቆሙት ብዙ ጊዜ ቃል አጥተው አይደለም፤ ገለጻውን በአማርኛ ተራ አስቀድመው ስሙን እየፈለጉ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ማያያዣዎቹ ልለፍ። ለሰው «ሁ»፣ ለግዑዝና ለእንስሳ «ዊች» እንደሚባል ሁላችንም ተምረናል። ብዙ መምህራን ከዚህ ተነሥተው «ፒፕል ዛት» (people that) ብሎ የጻፈ ተማሪን ያርማሉ። ይህ እርማት መቅረት ያለበት ይመስለኛል። «ዛት» ለሰው መነገሩ ጥንታዊ ነው፤ እንዲያውም በገላጭነት ከ«ሁ» የሚቀድመው እርሱ ነው። «ሁ» እና «ዊች» መጀመሪያ የጥያቄ ቃላት ነበሩ፤ ገላጭ ሆነው የገቡት ቆይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1711 ለንደን ውስጥ በየዕለቱ ይታተም በነበረ አንድ ወረቀት ላይ «ሁ» እና «ዊች» እንደ ሰው ሆነው፣ «ዛት» ቦታችንን ቀማን ብለው አቤቱታ ሲያቀርቡ የሚያሳይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የቋንቋው ታሪክ ግን ክሱን ይገለብጠዋል፤ በኋላ የመጡት ከሳሾቹ ናቸው። «ዊች» ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ለግዑዝ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እኛ «በሰማያት የምትኖር አባታችን ሆይ» የምንለው ጸሎት የተጻፈው በ«ዊች» ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የእንግሊዝኛ ምእመን በ«ሁ» ይጸልየዋል። ዛሬ «ዊች»ን ለሰው መጠቀም ስሕተት ነው፤ «ዛት»ን ግን በለዪ ሐረግ ውስጥ መጠቀም ስሕተት አይደለም። በመደበኛ ጽሑፍ «ሁ» ይመረጣል ማለት ይበቃል። «ዛት» የማይገባው በጨማሪው ሐረግ ውስጥ ነው፤ ኮማ ካለ «ሁ» መሆን አለበት፤ ተማሪውን ማረም ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ለቡድን የሚሆን አንድ ለየት ያለ ነገርም አለ። ኮሚቴ፣ ቤተሰብ፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው ወይስ ድርጅት? እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ተናጋሪው ግን አቋሙን ማሳየት አለበት። ኮሚቴውን እንደ አንድ አካል ካየው «ዊች» ወይም «ዛት» ይልና ግሡን በነጠላ ያደርጋል፤ አባላቱን አንድ በአንድ ካሰባቸው «ሁ» ይልና ግሡን በብዙ ያደርጋል። በብሪታንያ «ዘ ፋሚሊ ሁ ሊቭ ኔክስት ዶር» ማለት የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ነጠላው ግሥ ይበዛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የማይመከረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዊች» ብሎ ጀምሮ ግሡን በብዙ መጨረስ ነው። የሐዋሳ ከተማ ቡድን ተጫዋቾች ጠንክረው ተለማመዱ ለማለት እና ክለቡ በሊጉ ተመዘገበ ለማለት የምንመርጠው ማያያዣ የተለያየ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሰዎች ከሚገለጹባቸው መንገዶች ሁሉ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ የማገኘው ስም የሌለበት ገለጻ ነው። አማርኛ «ያወቁ አወቁ»፣ «የመጡት ይግቡ»፣ «የቀሩት ይጠበቁ» ሲል «ሰዎች» የሚለውን ቃል አይፈልግም፤ ግሡ ራሱ ብዛቱንና ማንነቱን ይዟል። በተራራው ስብከት ላይ «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው» ሲባል «የሚያዝኑ» በሚለው አንድ ቃል ቡድኑ ቆሟል። እንግሊዝኛ ግን ባዶውን ግሥ ማቆም አይችልምና የሚደገፍበት ቃል ይሻል፤ በ1611ዱ ትርጉም «ዘይ ዛት»፣ ዛሬ ደግሞ «ዞዝ ሁ» ይላል። ይህን «ዞዝ ሁ» የሚለውን አነጋገር ተማሪዎቻችን ቢለምዱት በጣም ይጠቅማቸዋል፤ የ«ፒፕል ሁ»ን ድግግሞሽ ይቀንሳል፣ ለመደበኛ ጽሑፍም ይስማማል። በመጠጥ ቤትም ሆነ በስብሰባ ከሚሰማው ንግግር ውስጥ ግን «ፒፕል ሁ» እና «ዘ ዋንስ ሁ» ይበዛሉ፤ ሲነገሩ ቀለል ይላሉና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልዩነት አለ። መምህር ክፍል ገብቶ «ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» ሲል፣ «ያላችሁ» የሚለው ግሥ የተነገረው በቀጥታ ለተማሪዎቹ መሆኑን በውስጡ ይዟል። «እዚህ የምንኖር» ስንልም ራሳችንን በግሡ ውስጥ አስገብተናል። እንግሊዝኛው ይህን በግሡ ማድረግ ስለማይችል «ዞዝ ኦቭ ዩ ሁ ሃቭ ኩዌስቸንስ» ይላል፤ «ከእናንተ መካከል» የሚለውን ለብቻው ያወጣል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ያ «ከ… መካከል» ያልነው መለያ ራሱ በእንግሊዝኛው ውስጥ ተገልጦ ይታያል። ተማሪው «ዩ ሁ ሃቭ» ብሎ ቢጽፍ ግን በክፍሉ ያለው ሁሉ ጥያቄ እንዳለው ማድረጉ ነው። ማንንም ለማይለየው «ማንኛውም ሰው» ደግሞ «ኤኒዋን ሁ» ይባላል፤ ጾታው ስለማይታወቅ በተከታዩ ዓረፍተ ነገር «ዘይ» ብሎ መቀጠል ዛሬ በጽሑፍም ተቀባይነት አለው።

ስሕተቶች የሚበዙበትን ቦታ አሁን ላንሣ፤ ምክንያቱም የስሕተቱ ምንጭ ስንፍና ሳይሆን የአማርኛ ግሥ ሙላት ነው። «ያስተማርኳቸው ተማሪዎች» ስንል «-ኣቸው» የሚለው ቅጥያ ተማሪዎቹን ግሡ ላይ ደግሞ ያሳያል። ተማሪው ይህን ቅጥያ በታማኝነት ይተረጉምና በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ዘም» ይጨምራል፤ «ያስተማርኳቸውን እነርሱን ተማሪዎች» እንደ ማለት ነው። «የመጡ ሰዎች» በሚለውም ውስጥ ብዛቱ በግሡ ላይ ስላለ «ሁ ዘይ ኬም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይበልጥ የሚከብደው ባለቤትነት ነው። «ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች» የሚለው ለእኛ ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሁዝ» የሚለውን ቃል ይጠይቃል፤ ተማሪው ግን «ሁ ዜር ችልድረን» ብሎ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ኤድዋርድ ኪናን እና በርናርድ ኮምሪ የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት በብዙ ቋንቋዎች ላይ ተመሥርተው ያሳዩት ነገር ይህን እንድንረዳ ያግዘናል። ሰውን በድርጊቱ ባለቤትነት መግለጽ፣ ለምሳሌ «የመጡ ሰዎች» ማለት፣ በየትኛውም ቋንቋ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ድርጊት በተፈጸመበት ሰው መግለጽ ቀጥሎ ይመጣል፤ በንብረቱ ወይም በዘመዱ መግለጽ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ታች በወረድን ቁጥርም ቋንቋዎች እንደ እኛ «-ኣቸው» ያለ ምልክት በሐረጉ ውስጥ የመተው ዝንባሌያቸው ይጨምራል። እንግዲህ ተማሪያችን የሚሳሳተው ቋንቋዎች በተፈጥሯቸው በሚከብዳቸው ቦታ ላይ ነው። ይህን የተረዳ መምህር «ሁ»ን፣ ማያያዣው የሚቀርበትን «ዘ ፒፕል አይ ሜት» ዓይነቱንና «ሁዝ»ን በአንድ ሳምንት አይጭንም፤ በቅደም ተከተል ያስተምራል። የ«ሁ» የተሳቢ መልክ የሆነው «ሁም» (whom) ከንግግር እየወጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ሊተወው አይገባም። «ሠላሳ ሴቶች ሠለጠኑ፤ አብዛኞቹ የመጡት ከገጠር ነው» የሚለውን ባለሙያው በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያደርገው፣ ከኮማው በኋላ «ሞስት ኦቭ ዘም» ብሎ ሙሉ ግሥ ካስከተለ ሁለት ዓረፍተ ነገር በኮማ አጣብቋል። «ሞስት ኦቭ ሁም» ማለት አለበት። በየድርጅቱ የሥልጠና ሪፖርት ውስጥ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሌላ አነጋገር ያለ አይመስለኝም።

በመጨረሻ የማነሣው ሰዎችን በሁኔታቸው ስንጠራ ስለሚመጣው ምርጫ ነው። እንግሊዝኛ ቅጽልን ብቻውን ወስዶ የቡድን ስም ሊያደርገው ይችላል፤ «ዘ ብላይንድ»፣ «ዘ ዲሴብልድ»፣ «ዘ ፑር» ይላል። በቅርብ አሥርት ዓመታት ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ትተው ሰውን አስቀድሞ ሁኔታውን በገላጭ ማስከተልን መርጠዋል፤ ሰውየው በሁኔታው እንዳይዋጥ በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 1 ላይ ቡድኑን የሚያመለክተው በ«ዞዝ ሁ ሃቭ» ነው። የረጅም ጊዜ ጉዳት ያለባቸውን፣ ጉዳታቸውም ከልዩ ልዩ መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ ከሌሎች እኩል በኅብረተሰቡ ውስጥ እንዳይሳተፉ ሊያግዳቸው የሚችለውን ሰዎች ይጨምራል ይላል። ቃሉ «ይጨምራል» እንጂ «ማለት ነው» አይልም፤ የቡድኑ በር እንዲዘጋ አልተፈለገም። ይህን የሰዋስው ሥራ በጥንቃቄ የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ። አነጋገሩ ለሁሉም ይስማማል ማለት ግን አይደለም፤ ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች «ዴፍ ፒፕል» መባልን ይመርጣሉ፤ ራሳቸውን የሚያዩት ቋንቋና ባህል ባለው ማኅበረሰብ ዓይን ነውና። እንዴት መጠራት እንደሚሹ ራሳቸውን መጠየቅ ይገባል።

ሰውን ማስቀደሙ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ጸሐፊ በአክብሮት «ፒፕል ዊዝ ዲሴቢሊቲስ» ብሎ ከጀመረ በኋላ ኮማ አድርጎ «ሁ ኒድ ሄልፕ» ብሎ ኮማውን ቢዘጋ፣ አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሁሉ እርዳታ የሚጠብቅ ነው ብሏል፤ በአክብሮት የተጀመረው አጠራር በሁለት ኮማ ፈርሷል። ኮማዎቹን ቢያነሣ ስለሚያስፈልጋቸው ብቻ ይናገራል። ከዚያም የትኛው እርዳታ እንደሆነ በሐረጉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ለምሳሌ «ወደ ፎቅ ለመውጣት መወጣጫ መንገድ የሚያስፈልጋቸው ተገልጋዮች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ያለ ኮማ ቢጽፍ፣ ሕንፃውን የሚሠራው መሐንዲስ ለማን ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል።